ቃል አልባው ዜማና የሂስ ጆሮ
በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተቀነባበረው ሙዚቃችን ከአዲስ አበባ እስከ መቱ እንዴት ተሰማ?

አንድ ሕዝብ ኪነ ጥበቡን በምን ሚዛን እንደሚመዝን ለማወቅ፣ ሕዝቡ በምን ቃል እንደሚያመሰግንና በምን ቃል እንደሚነቅፍ ማዳመጥ ይበቃል። በሀገራችን ዘፈን ሲወደስ «ግጥሙ አንጀት ይበላል» ይባላል፤ ሲነቀፍ ደግሞ «ግጥም የለውም» ይባላል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከእንግዶች መካከል ሲቆም፣ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል እንጂ ዜማ አይሰጠውም። በቅኔ ቤትም ሆነ በጠጅ ቤት፣ በለቅሶም ሆነ በሠርግ፣ የበላይነቱ የቃል ነው። ዜማው ቃሉን ተሸክሞ የሚጓዝ አጋሰስ ሆኖ ሲታይ ኖሯል።

ታዲያ ቃል የሌለው ዜማ ሲመጣ ሂሱ በምን ይመዝነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው የሚመለከተው በተለይ ኤሌክትሪክ ከሙዚቃ መሣሪያዎቻችን ጋር ከተገናኘ በኋላ ያለ ድምፃዊ የተቀረጹትን ሥራዎች ነው። እነዚህ ሥራዎች ከወጡበት ዕለት ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያገኙት ፍርድ፣ ስለ ሙዚቃው ከሚነግረን ይልቅ ስለ ፈራጁ ጆሮ የሚነግረን ይበልጣል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ በቅድሚያ እንዲገነዘብ ይሁን።

ቃል አልባ ሙዚቃ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነውን?

ብዙዎች በመሣሪያ ብቻ የሚቀነባበር ሙዚቃ ከባሕር ማዶ የተገኘ ልማድ ነው ብለው ያስባሉ። ይህ አስተሳሰብ በማስረጃ አይጸናም። እምቢልታን እንመልከት። እምቢልታ የሚነፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ሆነው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ በመሣሪያው የሚያወጣቸው ድምፆች አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለሆኑ ዜማው የሚገኘው ሦስቱ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። በዚህ ውስጥ ቃል የለም፤ መልእክት ግን አለ። ነጋሪት ሲጎሰም አዋጅ መኖሩን፣ መለከት ሲነፋ ባለ ሥልጣን መምጣቱን ሕዝቡ ያለ ግጥም ያውቅ ነበር። እረኛው በዋሽንት ሲጫወትም ከንፈሩ በሥራ ላይ ነውና ከቶ ሊዘፍን አይችልም።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ስንዘልቅ ማስረጃው ይበረታል። የቀድሞው ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ከመቱና ከጎሬ ደጋ ተነሥቶ እስከ ጋምቤላ ቆላ ይዘልቅ ነበር። በዚህ ስፋት ውስጥ ኦሮሞው፣ አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉና ሸካው በየራሱ ቋንቋና በየራሱ ዜማ ይኖር ነበር። በጋምቤላ አኙዋኮችና ኑዌሮች ዘንድ «ቶም» የሚባል በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያ አለ። ባዶ የእንጨት ሣጥን ላይ ቀጫጭን ምላሶች በአንድ ጫፋቸው ይታሠራሉ፤ ሌላው ጫፍ ነጻ ሆኖ በጣት ሲነካ ይርገበገባል፤ የርግብግቡ ርዝመትና እጥረት ድምፁን ዝቅ ወይም ከፍ ያደርገዋል። ቶም ዘፈንን ያጅባል፤ ይሁን እንጂ ተጫዋቹ ዝም ብሎ በጣቱ ብቻ ሲቀጥል ሙዚቃው አይቋረጥም።

ይህን የቶም አሠራር አንባቢ በልቡ ይያዘው። «ሮድስ» የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ ከፍቶ የተመለከተ ሰው በውስጡ የሚያገኘው ከዚሁ ጋር ዘመድ የሆነ ነገር ነው። በአንድ ጫፋቸው የተተከሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በጣት ፋንታ በመዶሻ ይመታሉ፤ ርግብግባቸውንም በሣጥን ፋንታ ማግኔትና ሽቦ ተቀብለው ወደ ድምፅ ማጉያ ያደርሱታል። ጥበቡ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ የተለየው ድምፁን የሚያጎላው ክፍል ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ወደ ሙዚቃችን ሲገባ ባዶ ቤት አልገባም።

ኤሌክትሪኩ በየት በኩል ገባ?

በዚህ ታሪክ መነሻ ላይ አስገራሚ ሰው እናገኛለን። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የዛር ሥርዓትን ድምፅ በሽቦ መቅረጫ ከቀረጸ በኋላ፣ በራዲዮ ጣቢያ መሣሪያዎች የድምፁን ገደል ማሚቶና ጉላት እየለዋወጠ አዲስ ሥራ አዘጋጀ። ይህም በዓለም ላይ ከታወቁት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች ሁሉ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። ዛር ደግሞ በእኛ ሀገርም ሥር የሰደደ ልማድ መሆኑ ለአንባቢ አይነገርም። ይህ ሰው በኒው ዮርክ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ።

ልብ በሉ፤ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፋና ወጊ የሆነው ሰው በአዲስ አበባ ያቋቋመው ቡድን አንድም የኤሌክትሪክ መሣሪያ አልነበረውም። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውንና ከበሮውን ከየአካባቢው ሰብስቦ አንድ መድረክ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚህ የምንማረው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፍሬ ነገር ማሽኑ አለመሆኑን ነው። ፍሬ ነገሩ ድምፅን ራሱን፣ ማለትም ጠባዩን፣ ሸካራነቱንና ልስላሴውን፣ እንደ ጥበብ ጥሬ ዕቃ መመልከቱ ላይ ነው። ይህን የተመለከተ ጆሮ ማሲንቆንም ማሽንንም በእኩል ጥንቃቄ ያዳምጣል።

ከዚያ በኋላ ኦርጋንና የኤሌክትሪክ ጊታር በምሽት ክበቦችና በሆቴሎች እየተለመዱ ሄዱ። የመቱ ጎረቤት በሆነችው በጅማ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ያዋሐደበትን ኢትዮ ጃዝ ይዞ መጣ፤ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላው በ1972 ወጣ። በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው አይቤክስ ባንድ በ1976 በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራ ቀረጸ። በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ ደግሞ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ በካይፋ ሪከርድስ በኩል አሳተመ። በዚህ ሸክላ ላይ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውተዋል፤ ኋላ በዓለም ዙሪያ የታወቀውን «ሙዚቃዊ ስልት» የደረሰው ግርማ በየነ ነው።

የሸክላው ስም ራሱ ማስተዋልን ይጠይቃል። «ቼ በለው» ለፈረስ የሚባል ነው። ፈረስን ለማስጋለብ ግጥም አያስፈልግም፤ አንድ ድምፅ ይበቃል። ለብዙ ዘመን የቃል አጋሰስ ሆኖ የኖረው ዜማ እነሆ ጭነቱን አራግፎ እንዲጋልብ «ቼ!» ተባለለት ማለት ይቻላል።

የዘመኑ ፍርድ

እነዚህ ሥራዎች የወጡት በጭንቅ ዘመን ነው። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ በአዲስ አበባ የሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር የምሽት ሙዚቃ ወደ ሆቴሎች አጥር ውስጥ ተጠቃለለ፤ ወደ ሆቴል የገባ አድማጭ ሲነጋ እንጂ አይወጣም ነበር። የዘፈን ግጥም ለሳንሱር ይቀርባል። ቃል አልባ ዜማ ግን ለሳንሱር የሚቀርብ ስንኝ የለውም። በዚህም ምክንያት አንዳንዶች የመሣሪያ ሙዚቃን እንደ ማምለጫ ይቆጥሩታል። ይህ ከፊል እውነትነት አለው፤ ሆኖም ሙዚቀኞቹ ለዓመታት በየምሽቱ የሚጫወቱት፣ እንግዶች እራት ሲበሉና ሲጨዋወቱ የሚያሰሙት ይኸው የመሣሪያ ሙዚቃ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ልማዱ ከሳንሱሩ በፊትም ነበረ።

የዘመኑ ሂስ የሚጠቀምበት ሚዛን «ይዘትና ቅርጽ» የሚባለው ነበር። በዚህ ሚዛን አንድ ሥራ አስቀድሞ በይዘቱ ይጠየቃል። ምን ይላል? ለማን ይላል? ከማን ጎን ይቆማል? ቃል የሌለው ሙዚቃ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚመልሰው ስለሌለው፣ ሂሱ ሊያወግዘውም ሊያመሰግነውም አልቻለም። ከሁለቱም የከፋ ዕጣ ደረሰው፤ መሙያ ሆነ። በራዲዮና በቴሌቪዥን ከአንድ ዝግጅት ወደ ሌላው መሸጋገሪያ፣ የማስታወቂያ ማጀቢያ፣ የዜና መጠበቂያ ሆኖ አገለገለ። ሚሊዮኖች ሰሙት፤ የማን እንደሆነ ግን ብዙዎቹ አላወቁም። የግጥሙ ደራሲ በሚጠየቅበት ሀገር የቅንብሩን ባለቤት የሚጠይቅ ጥቂት ነበር።

ይህ «መሙያ» የመሆን ዕጣ ራሱ ፍርድ ነው። በጽሑፍ ያልወጣ፣ ይግባኝም የማይጠየቅበት ፍርድ።

መቱ በምን ጆሮ ሰማች?

የኢሉባቦር ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ የተዛወረው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። መቱ ከአዲስ አበባ በስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ በበደሌ አልፎ፣ ጫካና የቡና ተክል እያቋረጠ ይደርሳል፤ ከዚያም በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ሙዚቃ የሚጓዘው በሦስት አጓጓዥ ነበር፤ በራዲዮ፣ በካሴትና በኪነት ቡድን።

ራዲዮው የመጀመሪያው ነው። ባትሪ እስካለ ድረስ የከተማው ጄኔሬተር ቢጠፋም ራዲዮ አይጠፋም። ኋላ መቱ ራሷ የብሔራዊው ራዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ከተተከለባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች፤ በ684 ኪሎ ኸርዝ የሚተላለፈው ድምፅ ከመቱ ኮረብታ ተነሥቶ በአካባቢው ተሰማ። ከከተማዋ ብዙ በማይርቀው የሶር ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የውሃ ኃይል ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በመቱ የሚሰማው የኤሌክትሪክ ኦርጋን ድምፅ የሚያገኘው ጉልበት ከዚያው ከሶር ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካሴቱ ሁለተኛው ነው። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ሲለቅ፣ ሙዚቃ ከሀብታም ቤት ወጥቶ ወደ አውቶቡስ፣ ወደ ሻይ ቤትና ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባ። ካሴት ይገለበጣል፤ ይዋሳል፤ ሲበጠስ ይቀጠላል። በክፍለ ሀገር ከተሞች የካሴት ሱቅ ባለቤት የሂስ ሰጪን ሥራ ይሠራ ነበር፤ የሚያስከፍተውን ሙዚቃ የሚመርጠው እርሱ ነውና።

ሦስተኛው የኪነት ቡድን ነው። በየክፍለ ሀገሩና በየአውራጃው የተቋቋሙት ቡድኖች የአካባቢውን ጭፈራ ለመድረክ ሲያዘጋጁ ክራርንና ማሲንቆን ከጊታር፣ ከኦርጋንና ከድራም ጋር አቀናጅተዋል። በዚህ ረገድ ብዙ ጉድለት ታይቷል፤ የአንድ ብሔረሰብ ጭፈራ በደቂቃዎች ተቆርጦ፣ ምቱ ለድራም እንዲመች ተስተካክሎ መቅረቡ ትክክለኛ ነቀፌታ ነው። ጥቅሙም ግን መካድ የለበትም፤ ብዙ ወጣት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካው በዚያ መድረክ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የመቱ ጆሮ አንድ የተለየ ጠባይ ነበረው። በአዲስ አበባ የሚጻፈው ሂስ አድማጩ ሁሉ የአማርኛን ግጥም ይሰማል ብሎ ይነሣል። በመቱ ገበያ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን አብላጫው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ከቆላ የመጣው እንግዳ ደግሞ በአኙዋክ ወይም በኑዌር ቋንቋ ያስባል። የአማርኛ ዘፈን ሲሰማ አንዱ ሰሙንም ወርቁንም ያገኛል፤ ሌላው ሰሙን ብቻ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አያገኝም። ቃል አልባ ዜማ ሲሰማ ግን ሦስቱም በአንድ ደጃፍ ይገባሉ። በሌላ አነጋገር፣ በመሐል ከተማ «ግጥም የለውም» የተባለው ጉድለት በኢሉባቦር ገበያ በጎ ጎን ሊሆን ይችላል። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ሀገር የመሣሪያ ሙዚቃ ሁሉም የሚቀመጥበት አደባባይ ነው። በቃል ብቻ የሚመዝን ሂስ ይህን አደባባይ አያየውም።

አንድ ሰው፣ ሁለት ድምፅ

ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ሄደ። ከአባላቱ ከፊሎቹ ሲመለሱ ኃይሉ መርጊያና ሌሎች እዚያው ቀሩ። በ1985 ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ካሴት ቀረጸ። በዚህ ካሴት ላይ ባንድ የለም፤ ድምፃዊ የለም። ያሉት አኮርዲዮን፣ የሮድስ ፒያኖ፣ የሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና የምት ማሽን ናቸው። ሰውየው አንዱን መሣሪያ ከቀረጸ በኋላ በላዩ ሌላውን እየደረበ ከራሱ ጋር ተጫወተ። አድማጩ የሚሰማው ግን የሁለት ሰዎችን ጨዋታ ነው፤ በአንድ በኩል የአኮርዲዮኑ የቆየ ትንፋሽ፣ በሌላ በኩል የሲንተሳይዘሩ አዲስ ጩኸት።

አኮርዲዮን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ተወዳጅ ነበር፤ ኋላ ኦርጋን አባረረው። ኃይሉ ያባረረውንና የተባረረውን አንድ ቤት አስገብቶ አስታረቃቸው። በዚህ እርቅ ውስጥ የቴክኒክ ብልሃት አለ። የሙግ ሲንተሳይዘር በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ለምዕራባዊው ባለ ስምምነት ሙዚቃ ይህ ጉድለት ሊባል ይችላል፤ ለእኛ ግን ማሲንቆውም ዋሽንቱም አንድ የዜማ መሥመር ብቻ የሚጓዙ ስለሆኑ ሙግ ዘመዳቸው ነው። በመንኮራኩሩ ድምፁን ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ማንሸራተት ስለሚቻልም፣ የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ ሲያንሸራትት የሚፈጥረውን ጉጉት ይቀርበዋል። በ1983 የወጣው ዲኤክስ 7 ደግሞ እስከ 16 ድምፅ በአንዴ ስለሚያሰማ ከሥር መደቡን ይዘረጋል።

በካሴቱ ላይ ካሉት ሥራዎች አንዱ «ሽለላ» ይባላል። እዚህ ላይ ሂሱ ቆም ሊል ይገባዋል። ሽለላ በቃል ብቻ የሚኖር ነገር ነው፤ ሸላዩ አባቱን ይቆጥራል፣ ገዳይነቱን ይናገራል፣ ጠላቱን ያዋርዳል። ከሽለላ ቃሉ ሲወጣ ምን ይቀራል? የሚቀረው አኳኋኑ ነው፤ ትንፋሽ መሳቡ፣ መፎከሩ፣ ድንገት ማቆሙ። ሽለላን የሚያውቅ አድማጭ ያለ ቃሉ ያውቀዋል፤ ገረርሳን የሚያውቅ የኢሉባቦር አድማጭም ስሙ ባይነገረው ጀግንነት እየተወሳ መሆኑን ከዜማው አቋም ሊረዳው ይችላል። እንግዲህ «ቃል አልባ ዜማ ይዘት የለውም» የሚለው አባባል ከዚህ ሥራ ፊት ይወድቃል።

ከባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

ኃይሉ መርጊያ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ በባትሪ የሚሠራ የቁልፍ መሣሪያ አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ካሴቱን ከመረሳት ያወጣው ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ቅጂውን ያገኘው በባሕር ዳር ከተማ ከአንድ የካሴት ሱቅ ሲሆን፣ በ2013 ኦሱም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው ድርጅቱ አማካይነት እንደገና አሳተመው። «ቼ በለው»ም በዓመቱ ተከተለ። ኃይሉ እንደገና በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባለውን አዳዲስ አልበም አወጣ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ጎልቶ መውጣት አለበት። የመጀመሪያው፣ ሥራውን ያዳነው ቤተ መዛግብትም የሂስ ዓምድም አለመሆኑ ነው። ያዳነው የአንድ ክፍለ ሀገር ከተማ ሱቅ መደርደሪያ ነው። ባሕር ዳር ያደረገችውን ደሴም፣ ጅማም፣ መቱም ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። ሁለተኛው፣ ሥራው በሀገሩ ያላገኘውን የጽሑፍ ሂስ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በባዕድ ቋንቋ ማግኘቱ ነው።

ይህ የውጭ ሂስ በብዙው አመስጋኝ ነበር። አዲሶቹም ሆኑ እንደገና የታተሙት አልበሞች በታላላቅ ጋዜጦችና የሙዚቃ መጽሔቶች ተወድሰዋል። ነገር ግን ውዳሴው በሁለት ዘንግ ላይ የቆመ ነው። አንደኛው የሰውየው የሕይወት ታሪክ ነው፤ «የታክሲ ነጂው ሙዚቀኛ» የሚለው ወሬ ከዜማው ቀድሞ ይነገራል። ሁለተኛው የድምፁ ቀለም ነው፤ ጸሐፊዎቹ ስለ ሲንተሳይዘሩ ሙቀት፣ ስለ ምቱ መደጋገም፣ ሕልም የሚመስል ስለመሆኑ ደጋግመው ይጽፋሉ። «አምባሰል» ለእነርሱ የአንድ ሥራ ርእስ ነው። ለእኛ ግን አምባሰል የቅኝት ስም ነው፤ የተራራ ስም ነው፤ ብዙ ድምፃውያን የተፈተኑበት ዙፋን ነው።

እንግዲህ ሁለት ግማሽ ጆሮዎች ተገኝተዋል። የእኛ ጆሮ ዜማው ሲጀምር የለመደውን ቃል ከትዝታው አውጥቶ ይሞላበታል፤ ስለዚህ መሣሪያውን ራሱን አይሰማውም። አኮርዲዮኑ ከሙግ ጋር የሚያደርገውን ምልልስ ትቶ በልቡ ግጥሙን ያንጎራጉራል። የውጭው ጆሮ ደግሞ መሣሪያውን በሚገባ ይሰማል፤ ዜማው ከምን ሕይወት እንደመጣ ግን አያውቅም። አንዱ ድምፁን አጥቶ ትዝታውን ያዘ፤ ሌላው ትዝታውን አጥቶ ድምፁን ያዘ። ሙሉ ሂስ ማለት እነዚህን ሁለት ግማሾች በአንድ ራስ ላይ ማገናኘት ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከማንም ይልቅ የሚቀርበው የሀገሩ ሂስ ሰጪ ነው። የቃሉን ትዝታ ከባዕድ መማር አይችልም፤ ድምፅን የማዳመጥ ጥበብን ግን መማር ይችላል።

ተከታዮቹ

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2010ዎቹ ሁለት የአዲስ አበባ ወጣቶች፣ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ፣ ኮምፒዩተርን መሣሪያቸው አድርገው ተነሡ። በ2014 የእንደገና «ቀን ሰው» እና የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» ዋሽንግተን ባለ አንድ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ወጡ፤ የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 ተከተለ። እንደገና ይህን አካሄድ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሰየመው። የማሲንቆና የክራር ድምፅ፣ የመንገድና የገበያ ጫጫታ፣ የሰው ድምፅ ቁርጥራጭ በኮምፒዩተር ተበጣጥሶ እንደገና ይሰፋል። ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 በሽቦ ላይ የጀመረው ሥራ ከሰባ ዓመት በኋላ በዛር ሀገር ወራሽ አገኘ ማለት ይቻላል።

እነዚህም ወጣቶች አስቀድሞ የተጻፈላቸው በውጭ ነው። በሀገር ውስጥ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ያው የቀድሞው ነው፤ «ዘፋኙ ማነው? ግጥሙ የት አለ?» ከዚህም ላይ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፤ «በማሽን የተሠራ ሙዚቃ የእኛ ነውን?» ለሁለተኛው ጥያቄ የቶም ምላስና የሮድስ ዘንግ አስቀድመው መልሰዋል። መሣሪያ የማንም አይደለም፤ የሚያዝበት ቅኝትና የሚቀረጽበት ዓላማ ነው የሰው የሚያደርገው። አኮርዲዮን ከአውሮፓ መጣ፤ በትዝታ ከተጫወቱበት በኋላ ግን ማንም ፓስፖርቱን አልጠየቀውም። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ለማንኛውም ሥራ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። የማሲንቆን ድምፅ ለጌጥ ብቻ ቆርጦ የሚለጥፍ ሥራ አለ፤ የማሲንቆን አስተሳሰብ ይዞ የሚነሣም አለ። ሁለቱን መለየት የሂስ ሥራ ነው፤ ለመለየት ግን በመጀመሪያ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ከሂስ የሚጠበቀው

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ለመምህራን፣ ለኪነት ባለሙያዎችና ለባህል ሠራተኞች ማሳሰብ ይቻላል።

አንደኛ፣ የሂሳችንን ቃላት ማስፋት ይገባል። ስለ ስንኝ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሰምና ወርቅ የምንናገርበት የበለጸገ ቋንቋ አለን። ስለ ድምፅ ጠባይ ግን «ደስ ይላል» ከማለት ያለፈ የምንለው ጥቂት ነው። ሆኖም አማርኛ ለዚህ ድሃ አይደለም፤ ድምፅ ይሻክራል፣ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ይርገበገባል፣ ይነዝራል፣ ያቃስታል፣ ያስተጋባል። ኦሮምኛም፣ አኙዋክም፣ ሌሎቹም ቋንቋዎች የየራሳቸው አላቸው። እነዚህን ቃላት ወደ ሂስ ገጽ ማምጣት ነው የቀረው።

ሁለተኛ፣ የክፍለ ሀገር ከተሞችን ጆሮ እንደ ማስረጃ መቁጠር ይገባል። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በጋምቤላ የሚገኙ የቆዩ ካሴቶች፣ የኪነት ቡድኖች ቅጂዎችና የቶም ተጫዋቾች ትውስታ ገና ያልተጻፈው የሙዚቃ ታሪካችን ምዕራፍ ናቸው። የካሴት ጥብጣብ በእርጥበት ይበላሻል፤ ኢሉባቦር ደግሞ ዝናብ የማያጣው ምድር ነው። በመቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ትምህርት ቤቶችም በየወረዳው አሉ። አንድ መምህር ተማሪዎቹን ከየቤታቸው አንድ አንድ ካሴት አምጥተው ማን እንደተጫወተው፣ መቼና የት እንደተሰማ እንዲጽፉ ቢያዝዝ፣ ከብዙ ጉባኤ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ የቅንብሩን ባለቤት ስም መጥራት ይገባል። ዜማ መሸጋገሪያ ሆኖ ሲያገለግልም ባለቤት አለው። ስሙ ሳይጠራ ለዓመታት የተሰማ ሙዚቀኛ የጠፋበት ክብር ብቻ አይደለም፤ እንጀራውም ነው። ኃይሉ መርጊያ በታክሲው ውስጥ በባትሪ መሣሪያ ሲለማመድ፣ ዜማው በሀገሩ ካሴቶች ላይ ይኖር ነበር። ዜማውና ሰውየው የተለያዩት በርቀት ብቻ አልነበረም፤ እኛም ስሙን ሳንይዝ ዜማውን ስለያዝን ነው።

ቃል ለሕዝባችን የከበረ ነው፤ እንደከበረም ይኑር። የቃል ክብር የሚጠበቀው ግን ዜማን በማዋረድ አይደለም። እምቢልታ ነፊዎቹ ሦስት ሆነው አንድ ዜማ እንደሚያወጡ ሁሉ፣ ቃሉ፣ ቅኝቱና የድምፁ ጠባይ ተቀባብለው ነው ሙዚቃችንን ሙሉ የሚያደርጉት። ሂሱ እስከ አሁን ከሦስቱ ነፊዎች አንዱን ብቻ ሲያዳምጥ ቆይቷል። የቀሩት ሁለቱ ዛሬም እየነፉ ነው።